ለአቅመ ሔዋን በተቃረቡ ልጆች ላይ የሚታይ ያልተለመደ ደም መፍሰስ

ለአቅመ ሔዋን በተቃረቡ ልጆች ላይ የሚታይ ያልተለመደ ደም መፍሰስ የሚባለው የወር አበባ ገና ባልጀመረች ወይም በቅርቡ በጀመረች ልጅ ላይ ከብልት ወይም ከአጠገቡ የሚመጣ፣ ከጤናማ የወር አበባ የተለየ ደም ነው። ዕድሜው በአብዛኛው ከ7 እስከ 14 ዓመት ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። አብዛኞቹ ምክንያቶች ካንሰር ያልሆኑ፣ በቀላል ሕክምና የሚድኑ ናቸው። ሆኖም ቤተሰብን ስለሚያስደነግጡ፣ ብዙ ጊዜም በስህተት ስለሚተረጎሙ፣ ጉዳታቸው ከደሙ አልፎ ወደ ልጅቷ ስም፣ ትምህርትና ትዳር ሊሄድ ይችላል።

ይህ መጣጥፍ እምብዛም የማይታወቁትን ምክንያቶች ይዘረዝራል። በተለይ እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ባሉ የሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች፣ በጠቅላላውም በኢትዮጵያ ገጠር ትኩረት የሚሹትን ያስቀድማል።

የአካሉ ሁኔታ

አንዲት ልጅ ጉርምስና ከመጀመሯ በፊት በሰውነቷ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በጣም አነስተኛ ነው። በዚህ ምክንያት የብልት ውስጠኛ ሽፋን ቀጭን፣ ደረቅና በቀላሉ የሚቆስል ይሆናል። በትልቅ ሴት ላይ ምንም የማያደርስ ትንሽ መፋተግ ወይም ኢንፌክሽን በልጅ ላይ ደም ሊያመጣ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ጉርምስና በሴቶች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጡት ማጎጥጎጥ ነው። የመጀመሪያው የወር አበባ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች የመጀመሪያውን የወር አበባ አማካይ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ በ13 እና በ15 ዓመት መካከል ያደርጉታል፤ በገጠር ደግሞ ከከተማ ዘግየት ይላል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ደንብ ቀላል ነው፦ ጡቷ ገና ያላጎጠጎጠ ልጅ ደም ካየች፣ «የወር አበባዋ ቀድሞ መጣ» ብሎ መተው ትክክል አይደለም። የደሙ ምንጭ ሌላ ሊሆን ይችላልና መፈለግ አለበት። ይህ አንድ ምልከታ ብቻ ብዙ ስህተትን ያስቀራል፤ ማንም እናት ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያለ ምንም መሣሪያ ልታየው ትችላለች።

አልቅት

በዓለም አቀፍ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አልቅት በግርጌ የሚጠቀስ ብርቅ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ግን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። «እንደ አልቅት ተጣበቀ» የሚለው አባባል የመጣውም ከዚሁ ትውውቅ ነው። ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ሆስፒታሎች በአልቅት ምክንያት በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በሴት ብልት ስለደሙ ሕሙማን የወጡ የሕክምና ዘገባዎች አሉ፤ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው።

በኢትዮጵያ በሰውና በከብት ላይ በብዛት የሚገኘው ዝርያ ሊምናቲስ ኒሎቲካ ይባላል። መንጋጋው ደካማ ስለሆነ ጠንካራ ቆዳን መብሳት አይችልም፤ የሚጣበቀው ለስላሳና እርጥብ በሆነው የአካል ሽፋን ላይ ነው። እነዚህም የአፍንጫ ውስጥ፣ ጉሮሮ፣ የድምፅ ሳጥን፣ የዓይን ሽፋን፣ የሽንት ቧንቧና የሴት ብልት ናቸው። ትንሹ አልቅት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን ከውሃ ጋር ሲገባ አይታይም። ደም እየጠጣ ሲሄድ ግን ርዝመቱ ብዙ ሴንቲሜትር ይደርሳል። ካልተነቀለ ለቀናት አልፎም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከወንዝ ወይም ከኩሬ ጎንበስ ብሎ በአፍ መጠጣት ሲሆን፣ አልቅቱ በአፍና በአፍንጫ በኩል ይገባል። ሁለተኛው ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ መታጠብ፣ መዋኘት ወይም ቁጭ ብሎ ልብስ ማጠብ ነው። ልጃገረዶች ላይ የብልት ደም የሚያስከትለው ይኸኛው ነው። በደጋው በጋው ሲጠነክር ውሃው ስለሚያንስ ሰውና ከብት አንድ ኩሬ ወይም የወንዝ ገንዳ ይጋራሉ። ከብቱን የሚያጠጡት፣ በጉን የሚጠብቁት፣ ውሃውን የሚቀዱት ደግሞ በአብዛኛው በዚሁ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው።

አልቅት ሲነክስ አያሳምምም። ምራቁ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ከነዚህ በጣም የታወቀው በአውሮፓዊው የሕክምና አልቅት ውስጥ የሚገኘው ሂሩዲን ነው። የአልቅት ምራቅ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መሆኑን እንግሊዛዊው ጆን ሄይክራፍት እ.ኤ.አ. በ1884 አሳይቷል። በዚህ ምክንያት አልቅቱ ጠግቦ ራሱ ከወደቀ በኋላ እንኳ ቁስሉ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ሊደማ ይችላል። ሐኪም መርምሮ ምንም ሊያጣ የሚችለውም ለዚህ ነው፦ እንስሳው ሄዷል፣ የቀረው ሦስት ጎን ያለው ትንሽ የንክሻ ምልክትና የሚፈስ ደም ብቻ ነው።

የተለመደው አመጣጥ እንዲህ ነው። ጤነኛ የነበረች ልጅ ድንገት ደማቅ ቀይ ደም ይፈሳታል። ሕመም የለም፣ ትኩሳት የለም፣ የወደቀችበት ነገርም የለም። ደሙ አይቆምም። አንዳንዷ ስትደርስ ፊቷ ገርጥቶ፣ ልቧ እየመታ፣ ራሷን እያዞራት ይሆናል። ዘግይተው የመጡ ልጆች ደም እስከመለገስ የሚያደርስ የደም ማነስ ሊደርስባቸው ይችላል። ስለዚህ ደም ለሚፈሳት የገጠር ልጅ «ባለፉት ቀናት የት ውሃ ገባሽ? ከየት ጠጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ የላቦራቶሪ ምርመራ ይበልጣል። ጥያቄው ካልተጠየቀ ልጅቷ በራሷ አትናገረውም፤ ወንዝ መግባት ለእሷ የዘወትር ነገር ነውና።

ሕክምናው ቀላል ነው። ብልቱ በንጹሕ የሕክምና ጨው ውሃ (ሳላይን) ይታጠባል፤ ብዙ ጊዜ አልቅቱ ለቅቆ ይወጣል። ካልለቀቀ በማደንዘዣ (ለምሳሌ ሊዶካይን) እንዲዝል ተደርጎ በመቆንጠጫ ቀስ ብሎ ይነቀላል። በኃይል መጎተት አይመከርም፤ አፉ ተቆርጦ ውስጥ ሊቀርና ደሙን ሊያባብስ ይችላል። ትንሽ ልጅ ስትሆን ወይም ስትፈራ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷት መመርመር ይሻላል። ከዚያ በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ መከታተልና የጎደለውን ደም በብረት ክኒን መተካት ይቀራል። አልቅቱ እንደወጣ ደሙ ይቀንሳል፣ ልጅቷም ያለ ምንም ጠባሳ ትድናለች።

በባህላዊ ሕክምና በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከሰውና ከከብት አልቅት ለማስለቀቅ በውሃ የተዘፈዘፈ የትምባሆ ቅጠል ጥቅም ላይ ይውላል። ኒኮቲን አልቅቱን እንደሚያዳክም አያጠያይቅም። ችግሩ ኒኮቲን በለስላሳ የአካል ሽፋን በኩል ፈጥኖ ወደ ደም የሚገባ መርዝ መሆኑ ነው፤ ለበሬ የሚበቃው መጠን ለልጅ አደገኛ ነው። ማስመለስ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባትና ከዚያም የከፋ ሊያስከትል ይችላል። ጥሬ ጨው፣ በርበሬ ወይም በረኪና በልጅ ብልት ውስጥ መጨመርም ያቆስላል።

መከላከያው የተሻሻለ ምንጭ፣ ለከብትና ለሰው የተለየ ማጠጫ፣ ውሃን በነጠላ ወይም በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ መጠጣት ነው። ማጥለል ትንንሾቹን አልቅቶች ያስቀራል፤ ጀርም ግን አያስቀርም፣ ለዚያ ማፍላት ወይም የውሃ ማከሚያ ያስፈልጋል።

የሽንት ቧንቧ ሽፋን መገልበጥ

ሌላው ሐኪምን ጭምር የሚያሳስት ምክንያት ነው። የሽንት ቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን በቀዳዳው በኩል ተገልብጦ ይወጣና በብልቱ ላይ እንደ ቀለበት ክብ የሆነ፣ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ በነካኩት ቁጥር የሚደማ እብጠት ይሆናል። በመካከሉ የሽንት ቀዳዳው ይታያል፤ መለያውም ይኸው ነው። በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1732 ነው። ከጉርምስና በፊት ባሉ ጥቁር ልጃገረዶች ላይ ከሌሎች ይልቅ በብዛት ይታያል፤ ስለዚህ በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ «እጅግ ብርቅ» ተብሎ መጻፉ ለአፍሪካ ሐኪም ብዙም አይጠቅምም።

የኤስትሮጅን ማነስ ሽፋኑን ያላላዋል፤ ከዚያ ሆድን የሚያስጨንቅ ነገር ይገፋዋል። የቆየ ሳል፣ ሆድ ድርቀት፣ ከባድ ሸክም ማንሳት በዚህ ይጠቀሳሉ። ልጅቷ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የላትም፤ እናት በልብሷ ላይ ደም ታያለች። እብጠቱን ያየ ሰው ዕጢ ወይም የመደፈር ቁስል ሊመስለው ይችላል። በዚህ ምክንያት ያላግባብ የተከሰሱ ሰዎች፣ ሳያስፈልግ የተቀደደ ወይም የተቆረጠ አካልም በሕክምና ዘገባዎች ላይ ተመዝግቧል።

ሕክምናው ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የኤስትሮጅን ቅባት ለጥቂት ሳምንታት መቀባትና ሳሉን ወይም ድርቀቱን ማስታገስ ነው። ቀለሙ ከጠቆረ፣ ሽንት ከከለከለ ወይም ተመላልሶ ከመጣ በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።

መውደቅና መመታት

ልጆች ዛፍ ይወጣሉ፣ አጥር ይዘላሉ፣ አህያ ይጋልባሉ። እግርን ከፍቶ በጠንካራ ነገር ላይ መውደቅ የብልትን የውጭ ከንፈር ሊቀድድ ወይም ሊያብጥ ይችላል። አካባቢው ብዙ የደም ሥር ስላለው ደሙ ከቁስሉ በላይ ያስፈራል፤ ሆኖም አብዛኛው በመጫን፣ በቅዝቃዜና በዕረፍት ይቆማል። እብጠቱ እያደገ ከሄደ ወይም ልጅቷ መሽናት ካቃታት ግን የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለው አወዳደቅ የሚጎዳው የውጩን ክፍል እንጂ የውስጡን አይደለም። ጉዳቱ ወደ ውስጥ ከሆነና የተነገረው ታሪክ ከቁስሉ ጋር ካልገጠመ፣ ጉዳዩ ከዚህ በታች ወደተጠቀሰው የጥቃት ምርመራ ይሄዳል።

ኢንፌክሽን፣ ባዕድ ነገርና የቆዳ በሽታ

ተራ የብልት መቆጣት በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ደም የሚቀላቅሉት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ከነዚህ አንዱ በደም ቅልቅል ተቅማጥ የሚታወቀው ሺጌላ ሲሆን፣ ተቅማጥ ሳይኖር እንኳ ለሳምንታት የሚቆይ ደም ያዘለ ፈሳሽ ሊያስከትል ይችላል። ከጉሮሮ ቁስል ጋር የሚመጣው ስትሬፕቶኮከስም አካባቢውን ደማቅ ቀይ አድርጎ ያደማል። ሁለቱም በተገቢው አንቲባዮቲክ ይድናሉ።

መጥፎ ሽታ ያለው፣ በመድኃኒት የሚጠፋና መድኃኒቱ ሲያልቅ የሚመለስ ደማዊ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ባዕድ ነገር ውስጥ መኖሩን ያመለክታል፦ የጨርቅ ብጣሽ፣ ወረቀት፣ የጥጥ ጉንጉን፣ ዶቃ። እስካልወጣ ድረስ ምንም ዓይነት መድኃኒት አይፈውሰውም።

ላይከን ስክለሮሰስ የሚባለው የቆዳ በሽታ የብልትንና የፊንጢጣን ዙሪያ እንደ ስስ ወረቀት ነጭ ያደርገዋል፤ ኃይለኛ ማሳከክ አለው፣ ሲታከክ ይሰነጠቃል ይደማልም። ተላላፊ አይደለም። ጠንከር ባለ የስቴሮይድ ቅባት ይታከማል።

የሆርሞን ምክንያቶች

በሴት ልጅ ላይ ከ8 ዓመት በፊት ጡት ማጎጥጎጥ ያለጊዜው የመጣ ጉርምስና ይባላል። በብዙዎቹ ላይ ከበስተጀርባው ሌላ በሽታ አይገኝም፤ ቢሆንም አጥንት ቶሎ ስለሚደርቅ ልጅቷ መጀመሪያ ከእኩዮቿ ረዝማ በኋላ አጭር ሆና ልትቀር ትችላለች። አንዳንድ ጊዜ ደሙ የሚመጣው እናት ወይም ታላቅ እህት የምትወስደውን የወሊድ መከላከያ ክኒን ልጅቷ ከረሜላ መስሏት በመዋጧ ነው፤ ክኒኑ ሲቋረጥ ማህፀኗ ለጥቂት ቀን ይደማና ይቆማል።

ማኩን-ኦልብራይት ሲንድሮም እ.ኤ.አ. በ1936 እና 1937 በሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች የተገለጸ ብርቅ ሁኔታ ነው። የእንቁላል እጢ ከአንጎል ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ኤስትሮጅን ያመርታል። ጡት ሳይበቅል ደም ሊቀድም ይችላል። መታወቂያው ጠርዙ የተቆራረጠ ቡና በወተት የመሰለ የቆዳ ምልክትና በቀላሉ የሚሰበር አጥንት ነው።

ለኢትዮጵያ ደጋ ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የታይሮይድ ጉዳይ ነው። እንቅርት በአገሪቱ ከፍተኛ ቦታዎች ለረጅም ዘመን የኖረ በሽታ ነው፤ አፈሩና ውሃው አዮዲን የጎደለው በመሆኑ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የታይሮይድ እጢ ሥራ ለረጅም ጊዜ በጣም ሲቀንስ፣ እጢውን ለማነቃቃት አንጎል የሚልከው ሆርሞን እጅግ ይበዛና የእንቁላል እጢንም አብሮ ያነቃቃል። ልጅቷ ያለጊዜዋ የወር አበባ ታያለች፣ የእንቁላል እጢዎቿም በውሃ ከረጢት ያብጣሉ። ይህን ሁኔታ ቫን ዋይክና ግሩምባክ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1960 ገልጸውታል። ሌላው ያለጊዜው ጉርምስና ሁሉ ቁመትን ሲያፋጥን ይኸኛው ያዘገያል፦ ልጅቷ አጭር፣ ደርበብ ያለ ሰውነት ያላት፣ ብርድ የማትችል፣ በትምህርት ወደ ኋላ የቀረች ትሆናለች። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት አብዛኞቹ የመጡት ሰውነት የራሱን እጢ በሚያጠቃበት በሽታ እንጂ በአዮዲን እጥረት አይደለም፤ ስለዚህ እንቅርት ያለባት ልጅ ሁሉ ያለጊዜዋ ትደማለች ማለት አይደለም። ሌቮታይሮክሲን የተባለው ክኒን ሲጀመር ደሙ ይቆማል፣ ከረጢቶቹም ይሟሽሻሉ። ይህን ሳያውቁ የእንቁላል እጢዋን በቀዶ ሕክምና ማውጣት የልጅቷን የመውለድ ተስፋ በከንቱ ያጠፋል።

የመጀመሪያው የወር አበባ ከመጣ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት የወር አበባ መዛባት የተለመደ ነው፤ እንቁላል በየወሩ መውጣት ገና አልለመደምና። ከ21 እስከ 45 ቀን ባለው ልዩነት ቢመጣና ከ7 ቀን ባይበልጥ እንደ ጤናማ ይቆጠራል። አንድ ሞዴስ ወይም የታጠፈ ጨርቅ በየአንድና ሁለት ሰዓት የሚያረጥብ፣ ከረጋ ደም ጋር የሚመጣ፣ ልጅቷን ከትምህርት የሚያስቀር ደም ግን ጤናማ አይደለም።

እንዲህ ያለ ደም ከመጀመሪያው ወር አበባ ጀምሮ ከታየ በዘር የሚተላለፍ የደም አለመርጋት ችግር ሊኖር ይችላል። ከነዚህ በብዛት የሚገኘው የቮን ቪለብራንድ በሽታ ነው። ፊንላንዳዊው ሐኪም ኤሪክ ቮን ቪለብራንድ በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳወቀው ከአላንድ ደሴቶች የመጣ አንድ ቤተሰብ መርምሮ ነው። መጀመሪያ ያያት የ5 ዓመት ልጅ ኋላ ላይ በ13 ዓመቷ በአራተኛው የወር አበባዋ ደሟ ሳይቆም ሞታለች። ዛሬ በዚህ በሽታ መሞት አይገባም፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ሆርሞን፣ አስፈላጊ ሲሆንም የጎደለውን ንጥረ ነገር መስጠት ይቻላል። ያለ ላቦራቶሪ የሚያስጠረጥሩት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ነስር ይበዛባታል? ጥርስ ስትነቀል ብዙ ደማች? በቀላሉ ይበልዛል? እናቷ ወይም እህቷ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደምተዋል? መልሱ አዎ ከሆነ አስፕሪን መስጠት ክልክል ነው።

ጥቃትና የተሳሳተ ፍርድ

ደም ያየች ልጅ በተመረመረች ቁጥር የወሲብ ጥቃት ሊኖር እንደሚችል ማሰብ ግዴታ ነው። ከላይ የተዘረዘሩት ምክንያቶች ይህን ጥያቄ አይሰርዙትም። ልጅቷን ከሚጠረጠሩ ሰዎች ለይቶ፣ በእርጋታ፣ ቃል ሳያስጎርሱ መጠየቅ፣ ጥቃት ከተገለጸ ወይም ምልክት ካለ ልብሷን ሳያጥቡ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል።

በሌላ በኩል አልቅት ወይም የተገለበጠ የሽንት ቧንቧ «ድንግልናዋ ተወሰደ» ተብሎ ሲተረጎም ልጅቷም የተጠረጠረውም ሰው ይጎዳሉ። የድንግልና ምርመራ የሚባለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ አስታውቀዋል፤ የክር መሰል ሽፋኑ ቅርጽ ከልጅ ልጅ ይለያያልና፣ መኖሩም አለመኖሩም ምንም አያረጋግጥም።

ሦስተኛው ስህተት ደሙን እንደ ወር አበባ መቁጠር ነው። «ደርሳለች» የተባለች የ10 ዓመት ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ትቀራለች፣ ከጨዋታ ትቀራለች፣ የትዳር ወሬም ሊነሳባት ይችላል። የ1992 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግና የ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርገዋል። የወር አበባ መምጣት፣ በጊዜውም ያለጊዜውም ቢሆን፣ በሕጉ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ምርመራ

ምርመራው ከዓይን አያልፍም ማለት ይቻላል፤ ለትልቅ ሴት የሚያገለግለው ብልት መክፈቻ መሣሪያ ለልጅ ፈጽሞ አይገባም። ልጅቷ በእናቷ ጭን ተቀምጣ ወይም በጉልበቷና በደረቷ ተደፍታ፣ በጥሩ ብርሃን፣ ፈቃዷ ተጠይቆ ትታያለች። ቁመቷና ክብደቷ ይለካል፣ ጡቷ ያለበት ደረጃ ይመዘገባል፣ ቆዳዋና አንገቷ ይታያል። ከዚያ በላይ ማየት ካስፈለገ በማደንዘዣ ተኝታ በቀጭን ካሜራ ይሠራል።

ደሙ በእርግጥ ከብልት መምጣቱንም ማጣራት ያስፈልጋል። የፊንጢጣ መሰንጠቅ በልብስ ላይ ያው ደም ነው። ከሽንቷ መጨረሻ ላይ ደም የሚመጣባት፣ ወደ አዋሽ ቆላ ወርዳ የነበረች ልጅ ብልሃርዝያ ሊኖርባት ይችላል፤ በደጋው ግን ይህ የሽንት ቧንቧ ብልሃርዝያ አይገኝም።

እንደ ወይን ዘለላ የመሰለ ነገር ከብልት መውጣት፣ በሆድ ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት፣ ክብደት መቀነስ ሲኖር ካንሰር መፈለግ አለበት። ብርቅ ነው፤ ግን በቶሎ ሲገኝ የመዳን ዕድሉ ይጨምራል።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ

መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ላሎ ምድር፣ ማማ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ይታወቃል። ግሼ በሰሜኑ፣ መርሐቤቴ ደግሞ በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆ ተከብቦ በምዕራብ ይገኛል። የደጋው ሜዳ ብርድማና በግ የሚረባበት ሲሆን፣ ከአፋፉ ሲወረድ በጥቂት ሰዓት መንገድ ቆላ ይደረሳል።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ጤና ኬላ አስገብቷል። ደም ለሚፈሳት ልጅ የመጀመሪያው በር ይኸው ነው፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም እንደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል፣ በሰዎች ለሰዎች ድርጅት ድጋፍ እንደተሠራው የዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል ወይም በደብረ ብርሃን እንዳለው ሆስፒታል ይከተላል። አልቅትን ለማውጣት ጤና ጣቢያ ያለው ሳላይንና መቆንጠጫ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። የሆርሞንና የደም መርጋት ምርመራ ግን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ድረስ ሊያስኬድ ይችላል።

ብዙ ቤተሰብ አስቀድሞ ልጁን ጸበል ይወስዳል። ጸበሉና ሕክምናው አይጋጩም፤ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ መናገራቸው ይታወሳል። ደሙ እየፈሰሰ ለሰባት ቀን መቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅቷ ከገረጣች፣ ላብ ካጠመቃት፣ ስትቆም ከወደቀች ወይም እጅና እግሯ ከቀዘቀዘ በሸክምም ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መወሰድ አለባት።

ደም ማነስና ከፍታ

በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ5 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ሄሞግሎቢኑ ከ11.5፣ ከ12 እስከ 14 ዓመት ያለ ደግሞ ከ12 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ደም አንሶታል ይባላል። ይህ ቁጥር ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። ከፍታ ሲጨምር ሰውነት ብዙ ቀይ ሕዋስ ስለሚያመርት፣ ድርጅቱ ለከፍተኛ ቦታ ከተለካው ላይ እንዲቀነስ ያዛል። ከ3000 ሜትር በላይ ለሚኖር የመንዝ ሰው ቅናሹ ትልቅ ነው።

ነገር ግን የኢትዮጵያ ደገኞች ከዚህ ደንብ ወጣ ያሉ ናቸው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንዲስ ተራሮች እንደሚታየው አልጨመረም። ቅናሹ እንዳለ ሲሠራበት ጤነኛዋ የደጋ ልጅ ደም ያነሳት መስላ ልትቆጠር ትችላለች። ስለዚህ ደም ፈሷት በመጣች ልጅ ላይ አንድ ጊዜ ከተለካ ቁጥር ይልቅ በሰዓታት ልዩነት ደጋግሞ መለካት፣ የልብ ምቷን መቁጠርና የዓይኗን ውስጠኛ ሽፋን ማየት የበለጠ ይናገራል። ደሙ ከቆመ በኋላ የብረት ክኒን ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለም በኋላ ለሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ከምግብ ሰዓት ውጭ ቢወሰድ ይሻላል፤ ሻይና ቡና የብረትን መመጠጥ ስለሚቀንሱ ከክኒኑ ጋር አይሄዱም።